ያልተባለ ምስጋና

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

የዛሬው የሙዝ ምርጫ አለቀ። ከላንቴ መንደር ከመጣው ግማሽ ያህሉን መለስኩ። ወገቤን ያመኛል። ማስመሪያዬ በሙዝ ሙጫ ተለውሷል፤ በጨርቅ ወለወልኩት፣ አልለቀቀም።

የቤ/ክ ግቢ ሐሙስ ከሴቶች ጸሎት በኋላ ጸጥ ይላል። ቀኑን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። እኔው ጻፍኩት፣ በር ላይ ተለጥፏል። ከአውራ ጣት ጥፍር የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ያለበት አይገባም። ከማስመሪያው ግማሽ ያጠረ አይገባም። ቆዳው የተጫረ አይገባም። ማኅበራችን ሙዙን ልጦ፣ ቆርጦ፣ አድርቆ ባሕር ማዶ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ይልካል፤ እነሱም ለገበሬው ፍትሕ ይሁን ብለው ከገበያው በላይ ይከፍላሉ። ከአርባ ምንጭ የማይረባ ነገር መጣ እንዲሉ አልፈልግም። ድሃ መሆን ዝርክርክ መሆን አይደለም። አርባ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ወ/ሮ ዘነበች ዛሬም አፏ አላረፈም። ሁለት ዘለላ ስመልስባት፣ ቲቸር፣ ለሚቀጥለው የሙዙን የክትባት ካርድም ይዤ እመጣለሁ አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አራተኛ ክፍል ሳስተምራትም እንዲሁ ነበረች።

ደላላው ጌቱ እንደ ወትሮው ከግቢው በር ውጭ የጭነት ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝ። ትሑት ሰው ነው።

ማክሰኞ ከገዢዎቻችን እንግዳ ትመጣለች። የቤ/ክ የልማት ክፍል ኃላፊ በረከት፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ከጋሞኛ ወደ እንግሊዝኛ እንድተረጉም ለመነኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለና አልኩት። ትዕቢት ነው። ይጻፍ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

በረከት ያዘጋጀውን የአቀባበል ንግግር አረምኩ። ዘጠኝ ስህተት። በቀይ። አመሰገነኝ፣ ደስ ግን አላለውም።

እንግዳዋ ለገበሬዎቹ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች አስቀድማ ልካለች። ሁለተኛው፦ የጥራት ደንቡ ሲወጣ ገበሬዎቹ ተሳትፈዋል ወይ? ወረቀቱን ይዤ ቆየሁ። ደንቡን ያወጣሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን ይባላል አልኩት በረከትን። ተለጥፎ ሲያዩት የተቃወመ የለም፣ ያም ተሳትፎ ነው አለኝ።  ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ነጠላዬን ተኮስኩ። ጫማዬን ለሊስትሮ ሰጠሁ። እንግሊዝኛዬን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ዝገት አለው፤ ይለቃል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጉብኝቱ በሰላም አለቀ። ላንቴ፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ አርባ ያህል ገበሬዎች። እንግዳዋ ወ/ሮ ማርግሬት በዕድሜ ትንሽ ታንሰኛለች። ጨዋ ናት፣ የምትሰማውን ሁሉ ትጽፋለች። ዘነበች ተነሥታ ስለ ምርቱና ስለ መጓጓዣው ተናገረች። ተረጎምኩ። እንግዳዋ ተደሰተች። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሦስት ዓመት ውል ይፈረማል፤ ደንቡም እንዳለ የውሉ አካል ይሆናል። እግሬ አብጧል። ልተኛ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ። ለሰው ዋሽቼ አልበቃ ብሎኝ ላንተም ደገምኩት። ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ውስጥ የምትኖር፣ ማንም የማያነብህ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም።

ዘነበች ያለችው ይህ ነው። አንድ ቃል አልረሳሁም፤ ምነው በረሳሁት።

«ሐሙስ ሐሙስ ቆርጠን ያበሰልነውን ሙዝ ቤተ ክርስቲያን እናደርሳለን። ቲቸር ግማሹን ትመልሳለች። የተመለሰውን የት እናድርሰው? የነጋዴዎቹ አይሱዙ መኪና እኛ ጋ የሚጭነው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። እስከ ቅዳሜ ይለሰልሳል። ወደ ቤት እንዳንመልሰው የመኪናው ሒሳብ ከሙዙ ይበልጣል። ጌቱ ይህን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፣ የወደደውን ይሰጠናል። እናንተ ጥሩ ትከፍላላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን በበሩ ስንገባ የሰጣችሁንን ስንወጣ ጌቱ ይወስድብናል። ደንቡ ሲወጣ የጠየቀን የለም። ደግሞ ሙዙን ትልጡት የለም ወይ? ልጣጩን የምትበላው የጥበቃው ላም ናት። ላሟ ስለ ነጥቡ አቤቱታ አስገብታለች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወ/ሮ ማርግሬት እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት፦ የዘንድሮው ምርት መልካም እንደሆነ ትናገራለች፤ መጓጓዣ አልፎ አልፎ እንደሚያስቸግር ትገልጻለች፤ ለእህቶችና ለወንድሞች ምስጋናዋን ታቀርባለች።

ሰዋስው አልጎደለውም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ታንክ ዩ። ያችኑ ቃል ከአፌ ሰሙ። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ቲቸር፣ እኔ ታንክ ዩ ብያለሁ እንዴ? አለች በጋሞኛ። እንደገና ሳቅ ሆነ። ይህኛው ሳቅ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። እንግዳዋ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። ሁለተኛው ውሸት። ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ።

በረከትም ሰምቷል። ወላይታ ነው፣ ጋሞኛ አያልፈውም። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ቲቸር፣ አዳኑን አለኝ። አባያ ሐይቅ በመስኮቱ በኩል ነበር። እሱን ሳይ መጣሁ። ቤት እስክደርስ የሰው ፊት ማየት አልቻልኩም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምን? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው የምጠይቀው። ውሉ እንዳይቀር ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ለሌላ ሰው የተባለ ውሸት ቢያንስ የሌላ ሰው ሸክም ይጋራል። አይደለም። በባዕድ ሰው ፊት ስሜ በመጥፎ መነሣቱን አልቻልኩም። ደግሞ ልማድ አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ልጅ ሲንተባተብ፣ ልትል የፈለግከው እንዲህ ነው እያልኩ ከአፉ ነጥቄ አስተካክያለሁ። ዘነበች አልተንተባተበችም። አንድም የሚስተካከል ነገር አልነበራትም።

ስለ ሐሰት ምስክርነት የሚናገረውን ትእዛዝ ለስንት ሕፃን በቃሉ አስይዤአለሁ። ያልያዘውን አንበርክኬአለሁ።

 

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ምርጫ። ዘነበች አልመጣችም። ሌሎቹ መጡ፤ ሰላም አሉኝ፣ ሙዛቸውን አስቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚህ በፊት ሳቃቸው ያስቆጣኝ ነበር።

ዛሬ ሲመለስባቸው ተከትዬ ወጣሁ። ሁለት ዓመት እዚህ ስመርጥ ከዚያ በር ማዶ የሚሆነውን ቆሜ አይቼ አላውቅም። አንዲት አሮጊት የተመለሰባትን ሦስት ዘለላ አውርዳ ጌቱ ፊት አስቀመጠች። አልተከራከረችም። እሱ ዋጋ ነገራት እንጂ አልጠየቃትም። ሙዙ ከፊቴ ወደ ባጃጁ ሲጫን አየሁት። ያው ሙዝ ነው። ነጥቡ እንኳ ከቆምኩበት አይታይም።

ጌቱ ሲያየኝ ደነገጠ፣ ወዲያው ግን ፈገግ አለ። አይድከሙ ቲቸር፣ ይግቡ፣ ፀሐይ ነው አለኝ። ይህን ሙዝ ማን ይገዛልሃል አልኩት። አዲስ አበባ እኮ ነጥብ ያለውን ነው የሚፈልጉት፣ ጣፋጭ ነው ይላሉ አለ። ከዚያ፣ ክፋት ሳያስብ፣ እንዲያውም ሊያመሰግነኝ፣ እንዲህ አለኝ።

«እውነት ቲቸር፣ እርስዎ ባይኖሩ እኔ ላንቴ ድረስ ወርጄ ከስንቱ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር የምውለው። እርስዎ እዚሁ መርጠው ያወጡልኛል።»

ሁልጊዜ በዓል ሲመጣ አንድ እጅ ሙዝ ቤቴ ይልክ ነበር። ተቀብዬ እበላ ነበር። ጣፋጭ ነበር። ነጥብ እንደነበረው አሁን ትዝ አለኝ።

ወደ ውስጥ ስገባ በረከት የስም ዝርዝር ይዞ ጠበቀኝ። ዘነበች ለአንድ ወቅት ብታርፍ ለሰላም ይበጃል ይላል፤ በእንግዳ ፊት ማኅበሩን መሳቂያ አድርጋለች፣ ሌሎችም ይለምዳሉ። ስሟን አልሰረዘም። በእርሳስ ከበበው። እንድፈርምበት ይፈልጋል። ልጇ ነርስነት የምትማረው ተቀባይነት ከሚያገኘው ግማሽ ሙዝ በሚገኘው ገንዘብ ነው። ሁላችንም እናውቃለን።

ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። እምቢ አላልኩም። ይህም ይጻፍ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ላንቴ ሄድኩ፣ ብቻዬን፣ በባጃጅ። ከአስፋልቱ ወዲያ በእግር። ዘነበች ማሳዋ ውስጥ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ትቆርጣለች። አየችኝ፤ መቁረጧን አላቆመችም። ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ፣ ይቀመጡ እንዳልል መሬቱ ጭቃ ነው፣ ነጠላዎ ይቆሽሻል አለች።

ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ አልኳት። በአማርኛ ነበር ያልኩት። እሷ በጋሞኛ መለሰች።

አራተኛ ክፍል በጋሞኛ ስናገር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውኛል፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ለጥቅሜ ነው አልኩ፣ አማርኛም ለመድኩ፣ ቂም የለኝም አለች። አሁን ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ግድግዳ ያሳዩኛል?

 

ታዲያ ምን ላድርግ አልኳት። ቅጠሉን አስቀመጠች።

«አባትዎ ዱቡሻ ላይ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ ይባላል። አርባ ሰው ፊት የተበደለ ሰው ጓሮ ውስጥ ይታረቃል? እዚህ ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ይሂዱ። ያ ወረቀት ግን ይቅር አይልም። ሴትዮዋ የጻፈችው የእርስዎን ነው።»

ዱቡሻ፣ ሽማግሌዎቻችን ሕዝብ ሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሜዳ። በአደባባይ የተበላሸ እዚያው በአደባባይ፣ በሰሙት ጆሮዎች ፊት ይስተካከላል። ወንጌል ስንቀበል፣ ቀለም ስንቆጥር፣ ያረጀ ነገር ብለን የተውነው። እኔ በክፍሌ ስለ እሱ የጻፈ ልጅ ድርሰት ላይ «ጊዜው ያለፈበት» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ መናዘዝ ይበቃል ስንል ኖርን። ለእኛ ለተማርነው ሲበዛ ምቹ ትምህርት ነው፤ እግዚአብሔር ለወ/ሮ ማርግሬት አይነግርብንም።

ልሄድ ስል፣ ቲቸር፣ ጫማዎን ያራግፉ አለችኝ። በአስተማሪ ድምፅ። የእኔው ድምፅ ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ለወ/ሮ ማርግሬት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ከመቆም ይቀላል ብዬ። አራት ጊዜ ጻፍኩ። በመጀመሪያው፣ በትርጉም ሂደት ጥቂት መሳሳት ታይቷል። በሁለተኛው፣ አንዳንድ ነጥቦች ሳይተላለፉ ቀርተዋል። በሦስተኛው ዕድሜዬንና ሙቀቱን አነሣሁ። አራተኛውን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። ያሳሳተው ማን ነው? ያላስተላለፈው ማን ነው? በአራቱም ውስጥ እኔ የለሁም። ቀደድኳቸው።

ከሰዓት በረከት መጣ። ላንቴ መሄዴን ሰምቷል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ በእርጋታ ተናገረ። ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላ አገርም ሙዝ ያገኛሉ። ዋሹን ብለው ቢሄዱ ስልሳ ቤተሰብ በሙሉ ጌቱ እጅ ይወድቃል። ዛሬ ግማሹ ነው በእሱ እጅ ያለው፣ ያኔ ሁሉም ይሆናል። ውሉ ይፈረም፣ ደንቡን ቀስ ብለን ከውስጥ እናሻሽለዋለን። የእርስዎ ንስሐ የስንት ሰው እራት ነው?

ክርክሩ ውሃ ያነሣል።  ፈርቷል፣ ለራሱም ለሰዎቹም። ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልቤ ግማሹ ደስ አለው። መውጫ አገኘሁ ብሎ።

ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጣ። ያ የእርሳስ ክብ። እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙ አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህቺ ሴት አርባ ሰው ፊት ተነሥታ ያለችው እውነት ስለሆነ ነው ልንጥላት የተነሣነው። የተሳሳተች ብትሆን ኖሮ ማንም ዝርዝር አያወጣም ነበር።

አልፈርምም አልኩት። ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ለዓመታት ሳነብ የማስበው ነጋዴዎቹን ነበር፣ ጌቱንና መሰሎቹን። የጌቱ ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላል። ማስመሪያው የእኔ ነው።

ውሉ ይቀር ይሆን? አላውቅም። ላውቀው የምችለው ነገር አይደለም። የሴቶቹን እራት ቁማር ላይ የማስቀምጥ ያህል ይሰማኛል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ለሦስት ዓመት እፈርምባቸዋለሁ። ሳይጠየቁ አንድ ጊዜ ወስኜባቸዋለሁ። ዝም ብል ሁለተኛዬ ነው። ብናገርስ? እሱም ሦስተኛዬ እንዳይሆን፣ እነሱ ይወቁት። አስቀድሜ ለዘነበች ደወልኩ። በረከት ያለውን ሁሉ፣ ስልሳውን ቤተሰብም፣ ሳላሳምር ነገርኳት። ልጠይቅና ልመልስ አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ደወለች። ቤት ለቤት ዞራ ጠይቃለች። ጥቂቶቹ ፈርተዋል፣ ይቅር ያሉም አሉ፤ የሚበዙት ግን ይባል ብለዋል። በራሳችን አፍ ይባል ብለዋል አለች፣ በእርስዎ አፍ አንዴ ሞክረን አይተናል። ቀልዷን ነው። ቀልዷን እንዳልሆነም ገባኝ።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ወ/ሮ ማርግሬት ያረፈችበት ሆቴል ደወልኩ። ምን ችግር አለ አለችኝ። ዋሽቼሻለሁ አልኩ። በእንግሊዝኛ አጭር ነው። ማክሰኞ ያቺ ሴት ያለችውን አልነገርኩሽም፣ የነገርኩሽን አላለችም።   ከዚያ፣ ታዲያ ዛሬ እንፈርም ወይስ አንፈርም አለች። እኔን አትጠይቂኝ፣ ከአምልኮ በፊት ላንቴ እንውረድና እነሱን ጠይቂ አልኳት። ቁጣ በድምፅዋ ውስጥ ነበር። ይገባታል። እመጣለሁ አለች።

ማን ይተረጉማል አለች። እኔ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ልማድ። በረከት ይተርጉም አልኩ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እቆማለሁ።

ለበረከት ደወልኩ። ነገርኩት። ከበስተጀርባው መዘምራን ሲለማመዱ ይሰማል። ቲቸር፣ እኔም እኮ ሰምቼ ዝም ብያለሁ አለ። አውቃለሁ አልኩት። ከሥራ ያባርሩኛል አለ። ሊያባርሩህ ይችላሉ አልኩት። የሚያጽናና ነገር ብለው ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን አንዲትም ያላመንኩባት ዓ/ነገር ከአፌ እንድትወጣ አልፈልግም። እሺ፣ መኪናውን አመጣለሁ አለ። እንግሊዝኛዬን ግን አያርሙኝ አለ። አላርምህም አልኩት።

የምለው ሦስት ነገር ነው። የዘነበችን ቃል ለውጫለሁ። ደንቡን ብቻዬን አውጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምርጫው ላይ አልቀመጥም፤ የሚቀመጠውን ሰውና ቀኑን እናንተ ትመርጣላችሁ። መጀመሪያ በጋሞኛ።

በጋሞኛ ስሞክረው ተቸገርኩ። በእናቴ ቋንቋ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ እገዛለሁ፣ እቆጣለሁ። ጸሎቴ ስልሳ ዓመት በአማርኛ ነው። በጋሞኛ ጥፋቴን ተናግሬ አላውቅም። ክፍሌ ውስጥ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጮክ ብዬ አልኩት። የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ወጣ። አስቀያሚ ነው፤ መሸሸጊያ የለውም።

የመኪናው ጡሩምባ። በረከት ነው። ወ/ሮ ማርግሬት ከፊት ተቀምጣለች፣ ወደ ቤቴ አትመለከትም። ስለቸኮልኩ ጽሑፌ አላማረም፤ እንዲሁ ይቅር። እዚያ ደርሼ ሐሳቤን እንዳልለውጥ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ፤ ከመኪናው ስወርድ ማንንም ሰላም ሳልል፣ ነጠላዬን ሳላስተካክል፣ መጀመሪያ በጋሞኛ፦ ዋሽቻለሁ።